ለተርፋሳ የተከለከለው ለቅሶ

ባለፈው ሐምሌ ከጨለለቂ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ ቆሞ ነበር። ሸራው ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ የላይኞቹ ኬሻዎች በዝናብ ርሰዋል። እኔ ዣንጥላዬን ዘርግቼ ባጃጅ እጠብቃለሁ። ነፋሱ ዞር ሲል የራሰ ኬሻና የጀንፈል ቡና ሽታ ባንድ ላይ መጥቶ አፍንጫዬን ሞላው፤ የመኪናውን ጎን ተደግፌ ቆምኩ። ሾፌሩ ክሪኩን ትቶ ቀና አለና፣ «አባባ፣ አመምዎት እንዴ? አከም ጅርቱ?» አለኝ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ እንደ ከተማችን ወግ። «የለም ልጄ፣ ሽታው ነው» አልኩት። ቡናህ ሻግቷል ያልኩት መስሎት ቅር አለው። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ዘጠና ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ትናንት ራት ምን እንደበላሁ ልጄን ጠይቄ ነው የማውቀው። ይህ ሽታ ግን ሲያገኘኝ አንድ መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ ይዤ እንደተቀመጥኩ፣ ብዕሬን ቀለም ውስጥ እንደነከርኩ፣ አንዲት እናት ከፊቴ እንደቆሙ ነው የሚመስለኝ።

የነቀምቴ ልጅ ነኝ። አባቴ ከተጉለት መጥቶ እዚህ የቀረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ ለእኔ ያወረሰኝ ታደሰ የሚለውን ስሜንና የእጅ ጽሑፉን ብቻ ነው። ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ጨው በአሞሌ መምጣቱ ቀርቶ በኬሻ መምጣት የጀመረበት፣ በስሙኒ ሁለት ሰው ሥጋ ወጥ ጠግቦ የሚወጣበት ጊዜ ነበር ብል ይበቃል። ነጋዴ የተባለ ሁሉ ካኪ ኮት በተፈሪ ሱሪ ይለብሳል፤ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለምና ዕዳ ሲጠይቅ ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ሴቶቹ የአቡጀዲ ቀሚሳቸውን ለቅዳሜ ገበያ ብለው ዐርብ ያጥቡታል። ከገበያው በላይ፣ በቅሎዎች በሚታሰሩበት ዋርካ አጠገብ፣ አንድ ጠጅ ቤት ግራሞፎን ነበረው፤ ሸክላዎቹ ደግሞ በጋምቤላ በኩል ከሱዳን የመጡ ናቸው። ቃሉ ሳይገባን ዜማውን እያንጎራጎርን ያደግን ሰዎች ነን። አሁን ዋርካው የለም። በቦታው የስልክ ካርድና ቻርጀር የሚሸጡ ልጆች ተደርድረዋል፤ ዘፈናቸው ከስልኩ ይወጣል፤ ደግ ልጆች ናቸው፣ ሳልፍ ወንበር ይለቁልኛል።

በዚያ ጊዜ ነጋዴው ፍርድ ቤት አይሄድም። ሄደ ከተባለም እንደ ነውረኛ ይቆጠራል። ጠባቸውን የሚፈታ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ወረቀቱ ላይ «የነጋዴዎች የሽምግልና ማኅበር» ተብሎ ይጻፋል፣ ሕዝቡ ግን በኦሮምኛው «ጃርሱማ» ይለዋል፤ ያው ሽምግልና ማለት ነው። የሸዋውም፣ የጎጃሙም፣ የአገሬውም ነጋዴ አለበት። ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባሉ። ሐሰት አልናገርም፣ ብዙ ደግ ነገር ሠርተዋል፤ የተጣላ ወንድማማች አስታርቀዋል፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ከአራጣ አውጥተዋል። ኃይላቸው ግን አንድ ነገር ላይ ነበር፦ የማኅበሩን ፍርድ እምቢ ያለ ሰው ማንም አይሸጥለትም፣ ማንም አይገዛውም፣ ሲሞትም ማንም ቃሬዛውን አይሸከምለትም። ሰብሳቢው አቶ በሻህ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ እጃቸው የማይሰስት ሰው። አባቴ ሲሞት ከቀብሩ እስከ ተዝካሩ ቆመው ያስወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ጽሑፌ ስለሚያምር ገና በሃያ ዓመቴ የማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። የጻፍኩትን ፍርድ ጮክ ብዬ ሳነብ ሽማግሎቹ ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ለእኔ ያላቸው ክብር ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ መርከቧ ልምጣ። በዚያን ጊዜ የወለጋ ቡና ሁሉ ፊቱን ያዞረው ወደ ምዕራብ ነው። በበጋ በበቅሎና በጭነት መኪና ተጉዞ ጋምቤላ ይከማቻል፤ ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርዳል። መርከቦቹ በእንፋሎት ስለሚሄዱ ሰዉ «የውሃ ባቡር» ይላቸው ነበር። ከእኛ ከተማ ነጋዴዎች ቡና ሰብስቦ ወደዚያ የሚልክ አንድ ሰው ነበር፤ ኦቦ ዋቅጅራ ይባላሉ፤ ኦቦ እንደ አቶ፣ አዴም እንደ እማማ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እናታቸው አዴ ዲንቄ ቢላ ከሚባል አገር የመጡ ናቸው፤ ባላቸው ሞተው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ። ታናሹ ተርፋሳ ይባላል። ከእኔ በአራት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ቀጭን፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት የተጣመመች፣ ሲሄድ ሁልጊዜ የሚያፏጭ ልጅ ነበር። ከቡናው ጋር ወርዶ ካርቱም ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነው። በዚያ ዓመት ትልልቆቹ መርከቦች ሞልተው ስለነበር የከተማችን ቡና በአንዲት ትንሽ የግል መርከብ ተጫነ። ነጭ ቀለም ስለተቀባች ነጋዴዎቹ «ሙሽሪት» አሏት። በመስከረም ከጋምቤላ ወጣች። ተርፋሳን ጭና ሄደች፤ ካርቱም አልደረሰችም፣ ወደ ጋምቤላም አልተመለሰች።

ያን ጊዜ እንደዛሬ ስልክ የለም። ደብዳቤ ተጻፈ፤ የመርከቧ ባለቤት ሱቁን ዘግቶ ጠፍቷል የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ ወሬው የራሱን መንገድ ያዘ። ረግረጉ ዋጣት የሚል አለ። ካርቱም ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ እህል ትጭናለች የሚል አለ። ባሮ ሲሞላ ፉጨቷ ከውሃው ሥር ይሰማል፣ ዓሣ አጥማጆቹም በዚያ በኩል መረብ አይጥሉም የሚልም አለ፤ ይህን የመጨረሻውን ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የደምቢ ዶሎ መምህር እንደ አዲስ ነገር አጫውቶኛል። የእኛ ከተማ ልጃገረዶች ደግሞ ቡና ሲለቅሙ እንዲህ እያሉ ያንጎራጉሩ ነበር፦

ሙሽሪት ተድራ በባሮ ወርዳ፣
አማች ሳይቀበላት ቀረች እንግዳ።

ዜማው ያምር ስለነበር እኔም አንጎራጉሬዋለሁ። አዴ ዲንቄ በአጠገባችን እያለፉ እንኳ።

ዓመት ሞላ። ኦቦ ዋቅጅራ ወንድማቸው መሞቱን ተቀብለው ደጃቸው ላይ ድንኳን ተከሉ። አዴ ዲንቄ ጠጉራቸውን ተላጭተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ድንኳኑ በተተከለ በማግስቱ ማኅበሩ ቀኑን ሳይጠብቅ ተሰበሰበ፤ እናትና ልጅም ተጠርተው መጡ። ከአባላቱ በአንዱ መጋዘን ውስጥ ነበርን። የክረምቱ ፍሳሽ በጣሪያው ገብቶ ኬሻዎቹን አርሷቸው ነበር።

«ድንኳኑ የማን ለቅሶ ነው?» አሉ አቶ በሻህ።

«የወንድሜ ነው» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። «ዓመት ጠበቅሁ። እናቴ ታልቅስና ይውጣላት።»

«መሞቱን ማን አየ?»

«መመለሱንስ ማን አየ፣ ጋሼ?»

ከጊምቢ የመጣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ከኋላ ተነሣ። «እኔ ካርቱም ማዶ ኦምዱርማን ላይ አይቼዋለሁ» አለ። «ነጭ ጀለቢያ ለብሶ በገበያ መሀል ሲሄድ ነበር።»

«ፊቱን አየኸው?» አሉት ኦቦ ዋቅጅራ።

«ከጀርባው ነው። አካሄዱ ግን የሱ ነው።»

መጋዘኑ በጉርምርምታ ሞላ። እያንዳንዱ ሰው በዚያች መርከብ ላይ የዓመት ልፋቱ ነበረበት፤ ልፋቱን ውሃ በላው ከሚባል ይልቅ ሌባ በላው ቢባል ይሻለዋል፤ ሌባ ይገኝ ይሆናላ። አቶ በሻህ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙ። «ዋቅጅራ፣ ለቅሶ ተቀመጥክ ማለት ወንድሜ ሞቷል አልክ ማለት ነው። ሞቷል ማለት ቡናችን ሰጥሟል ማለት ነው። ይኼን ደግሞ ማኅበሩ ገና አልፈረደም። እኛ ሳንፈርድ በድንኳን ልትፈርድብን አትችልም።»

አዴ ዲንቄ አማርኛ ብዙ አይናገሩም፤ ይሰማሉ። ከተቀመጡበት ተነሡ። «እኔ ቡና አላልኩም» አሉ። «ልጄን ነው ያልኩት።»

አቶ በሻህ ወደ እኔ ዞሩ። ፍርዱ ተነገረኝና ጻፍኩት። ነገሩ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ዋቅጅራና ቤተሰቡ በተርፋሳ ስም ድንኳን እንዳይተክሉ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ፤ የማኅበሩ አባል የሆነ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ለማለት ደጃቸውን እንዳይረግጥ፤ መጋዘናቸውም በመያዣነት ለማኅበሩ እንዲሰጥ። ቆንጆ አድርጌ ጻፍኩት። ጮክ ብዬም አነበብኩት። ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች ሄደው ድንኳኑን አፈረሱ፤ ካስማውን ሲነቅሉ አዴ ዲንቄ አልጮኹም፤ የተላጨ ራሳቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚቀመጠው በኦቦ ዋቅጅራ መጋዘን ሆነ፤ የመጋዘኑንም ገቢ አባላቱ እንደየጉዳታቸው ይከፋፈሉት ጀመር።

እምቢ ለምን አላሉም ይባላል። እምቢ ቢሉ ቤተሰቡ ሁሉ ይገለል ነበር፤ ኦቦ ዋቅጅራ ሚስትና አምስት ልጆች ነበሯቸው። ተቀበሉ። የሰው ቡና በደላላነት እየለኩ፣ በሰው በቅሎ እየተጓዙ ኖሩ። እናትየው ግን መላ አገኙ። ፍርዱ በተርፋሳ ስም እንዳያለቅሱ እንጂ በሌላ ሰው ስም እንዳያለቅሱ አይልም። ስለዚህ በነቀምቴ ማንም ሰው በሞተ ቁጥር አዴ ዲንቄ ይሄዳሉ። የኦርቶዶክሱ ይሁን የሚሲዮኑ፣ የሀብታሙ ይሁን የዕለት ሠራተኛው፣ ያውቁት አያውቁት፣ ከሬሳው አጠገብ ቆመው እስኪደክማቸው ያለቅሳሉ። መጀመሪያ ሰው ተገረመ፤ ቀጥሎ ለመደ፤ ኋላማ እሳቸው ያልመጡበት ለቅሶ ጎዶሎ መሰለ። «ምን ዓይነት ሆደ ባሻ ሴት ናቸው!» ይባል ነበር። እኔም ብዬ ይሆናል። ለአባቴ ሙት ዓመት መጥተው ሲያለቅሱ፣ አባቴን ያውቁት ነበር ብዬ ደስ እንዳለኝ አስታውሳለሁ።

ይህን ነገር ሰሞኑን ደጋግሜ የማስበው ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚህ ባሳለፍናቸው ክፉ ዓመታት ከጊዳ አያና በኩል ተፈናቅላ መጥታ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ የተከራየች አንዲት ሴት ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከብቶቹን ላምጣ ብሎ እንደተመለሰ ቀረ። በኦሮምኛ ተናጋሪውም በአማርኛ ተናጋሪውም መንደር እንደዚህ ሰው የቀረበት ቤት ብዙ ነው። አንድ ቀን ሽማግሌ ነዎት ብላ መጥታ፣ «አባባ፣ ለቅሶ ልቀመጥ ወይስ ልጠብቅ?» አለችኝ። ዘመዶቿ ክፉ አታሟርቺ እያሉ ይከለክሏታል። ምን አልኳት? «ለቅሶሽ ከመጣ ማንንም አትጠይቂ» አልኳት። ደፍሬ የተናገርኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም።

ስድስት ዓመት አለፈ። እኔም ሃያ ሰባት ሞላኝ፤ ልጅ አጨሁ። ላቀች ትባላለች፤ አባቷ የማኅበሩ አባል ናቸው። ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ፣ ኮቴንም ከአዲስ አበባ ያስመጡልኝ አቶ በሻህ ናቸው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። በጥቅምት ደግሞ ለእሳቸው ሥራ ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የጭነት መኪና ደምቢ ዶሎ ሄድኩ። ከገበያው ጥግ ኬሻ እየሰፋ የሚኖር አንድ ሱዳናዊ ነበር፤ አደም ይሉታል። ግማሽ ፊቱና አንድ ክንዱ በቃጠሎ ተኮማትሯል። የነቀምቴ ሰው መሆኔን ሲሰማ መርፌውን አስቀመጠ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በዐረብኛም እየቀላቀለ፣ «ጣቱ የተጣመመች፣ የሚያፏጭ ልጅ ታውቃለህ?» አለኝ።

የሙሽሪትን እሳት ይመግብ የነበረ ሰው ነው። አመሻሽ ላይ በአንድ መታጠፊያ መርከቧ ከውሃው በታች የተጋደመ ግንድ መታች፤ ሆዷ ተቀደደ፤ የፈላው እንፋሎት ፈንድቶ እሱን አቃጠለው። መዋኘት የሚችለው ዘለለ። ተርፋሳ ዋና አያውቅም፤ የደጋ ልጅ ነው። አንድ ባዶ በርሜል ነበረች። «በርሜሏን ለኔ ገፋት» አለ አደም። «ክንዴ ተቃጥሎ መያዝ አልቻልኩም፤ በመቀነቱ አሰረኝ። ናልኝ ስለው፣ ሁለታችንን አትችልም አለኝ። ከዚያ መርከቧ ተጋደመች።» በሦስተኛው ቀን አደም የተርፋሳን ሬሳ ደንገሉ ውስጥ አገኘው። የወንዙ ዳር ሰዎች ረድተውት ቀበረው። እሱን ራሱን እነዚያው ሰዎች ናቸው አስታመው ያዳኑት፤ ወደ አገሩ እንዳይመለስ የመርከቧ ሟቾች ዘመዶች ይጠይቁኛል ብሎ ፈራ።

አደም መርፌውን እንደገና አንሥቶ አስቀመጠው። «እናት አለችው?» አለኝ።

«አለችው።»

«ገላውን አጥቤዋለሁ በላት። እንደ ወንድሜ አጥቤ ነው የቀበርኩት በላት። እኔ መንገዱን አልችልም እንጂ መጥቼ እነግራት ነበር። በቅሎ ከላካችሁልኝ እመጣለሁ።»

ሦስት ቀን በመኪና ስመለስ ቃሉን እየደጋገምኩ መጣሁ፤ እንዳልረሳው ብዬ። ነቀምቴ እንደገባሁ በቀጥታ ወደ አዴ ዲንቄ ቤት መሄድ ነበረብኝ። የላከኝ ሰው ይቅደም ብዬ አቶ በሻህ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ምዬ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ፣ «ለማን ነገርክ?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እንዲያው ይቆይ። ይኼ ነገር አሁን ከወጣ ማኅበሩ ይፈርሳል። መጋዘኑ ይመለስ ሲባል፣ የተከፋፈለው ይመለስ ሲባል፣ ሰው ከሰው ይጫረሳል። ከገና በኋላ በቅሎ ልከን ሰውየውን እናስመጣና በወጉ ይሰማል።» ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «ሠርግህም አለ። የላቀች አባት ከዚያ መጋዘን ድርሻ አላቸው፣ ታውቃለህ።»

አውቅ ነበር። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ሁለት ቃል ናት። ከገና በኋላ እኮ ነው፣ ሩቅ አይደለም፣ ስድስት ዓመት የጠበቁ ሴት ሦስት ወር ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ሰው ራሱን ለማባበል ሲፈልግ አንደበቱ እንዴት ጣፋጭ እንደሆነ!

በታኅሣሥ አንድ ባለሱቅ ሞተ። አዴ ዲንቄ እንደ ልማዳቸው መጥተዋል፤ ግን ከስተዋል፣ ይስላሉ፣ ድምፃቸው አልወጣ ብሏቸው እያለቀሱ ያሉ አይመስሉም ነበር። ሰዉ ሲበተን ግድግዳ ተደግፈው አየኋቸውና ክንዳቸውን ይዤ እስከ መንገዱ አደረስኳቸው።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንተ ፊደል ታውቃለህ። ያ ወረቀት መቼ ነው የሚያልቀው?»

አደም ያለኝ ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ክንዳቸው እጄ ውስጥ ነበር፤ እንደ ጭራሮ ቀሏል። «ይታያል፣ አዴ» አልኳቸው። «በቅርቡ ይታያል።»

መረቁኝ። ሠርጌን ሰምተው ስለነበር፣ «ዋቀዮ በልጅ ይባርክህ» ብለው በእግዚአብሔር ስም መረቁኝ።

ገና አለፈ፤ በቅሎ አልተላከም። ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ለሠርጌ አራት ቀን ሲቀረው፣ ልብስ ሰፊው ቤት ቆሜ የኮቴን እጅጌ እያሳጠረልኝ ሳለ አዴ ዲንቄ ማረፋቸውን ሰማሁ። መርፌው እንደተሰካበት ኮቱን አውልቄ ወጣሁ። ኦቦ ዋቅጅራ ደጃቸው ላይ ካስማ እየተከሉ ነበር፤ ለእናታቸው ለቅሶ ማኅበሩ ክልከላ አልነበረውም። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ግንዱን፣ በርሜሏን፣ መቀነቱን፣ ደንገሉን። ገላውን አጥቤዋለሁ ብሏል አልኳቸው። መዶሻቸውን እንደያዙ ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ይኼን መቼ ነው የሰማኸው?»

«በጥቅምት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። መዶሻውን መሬት አስቀመጡ። «ድንኳኑ የሁለት ሰው ነው እንግዲህ» አሉ። «ገመዱን ያዝልኝ።»

ከቀብር መልስ ሰዎች መምጣት ሲጀምሩ ከበር አጠገብ ቆሜ ነበር። ኦቦ ዋቅጅራ ጠሩኝና ከዘመድ መቀመጫ፣ ከራሳቸው ቀኝ አስቀመጡኝ። «ስለ ወንድሜ የምታውቀው አንተ ነህ። ለሚመጣው ሁሉ አንተ ንገር» አሉ። ስድብ አልነበረበትም፤ ድምፃቸውንም አላነሡም። መጀመሪያ የመጡት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። ነገርኳቸው። አለቀሱ፤ ከዚያ አንዷ ዓይኗን ጠርጋ፣ «መቼ ሰማህ?» አለችኝ። «በጥቅምት» አልኩ። ሴትየዋ ወደ ኦቦ ዋቅጅራ አየች፤ እሳቸው መሬት ያያሉ። ቀጥሎ የመጡትም ጠየቁ። ከእነሱ ቀጥሎ የመጡትም። ያልጠየቀ አልነበረም። የላቀች አባት መጡ፤ ሰሙ፤ ጠየቁ፤ ከጥያቄያቸው በኋላ ሳያዩኝ ወጡ፤ ሠርጉም በዚያው ቀረ። በኋላ ሌላ ሴት አግብቼ ኖሬያለሁ፤ ነፍሷን ይማርና እሷም አንድ ቀን ጠይቃኛለች።

አቶ በሻህ በሁለተኛው ቀን መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከፊቴ ተቀመጡ። ኦቦ ዋቅጅራ፣ «ለጋሼም ንገራቸው» አሉኝ። እንዳልሰሙ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ሰሙ። መቼ ሰማህ ብለው ያልጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አለመጠየቃቸውን አየ። ተነሥተው ሲወጡ ከመቀመጫው ማንም አልተነሣላቸውም። ማኅበሩን ማንም አላፈረሰውም፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሦስት ሰው ብቻ መጣ፣ ከዚያም ማንም አልመጣም። መጋዘኑ ለባለቤቱ ተመለሰ። ኦቦ ዋቅጅራ ግን ቁልፉን ተቀብለው አንድም ኬሻ ሳያስገቡበት ሸጡት። በመጋቢት ደምቢ ዶሎ ወርደው አደምን አገኙት፤ አብረው እስከ ወንዙ ሄደው መቃብሩን እንዳሳያቸውም ሰምቻለሁ። ስለዚያ መንገድ ለማንም አላወሩም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከሰዓት ድምፄ ተዘጋ። ከጠዋት ጀምሮ የአዴ ዲንቄን እንባ የቀመሱ ቤቶች ሁሉ፣ ሬሳቸውን ያለቀሱላቸው ሰዎች ሁሉ፣ «ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» እያሉ ሲጎርፉ ነበር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ማለት ነው። ለአንድ ሽማግሌ መንገር ጀምሬ «ገላውን አጥቤዋለሁ» ላይ ስደርስ ከአፌ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ይበቃሃል የሚሉኝ መስሎኝ ወደ ኦቦ ዋቅጅራ ዞርኩ። በጣሳ ውሃ አስመጡ። እስክጠጣው ድረስ ጣሳውን በእጃቸው ያዙልኝ።

«ቀስ ብለህ ጠጣ» አሉኝ። «ከቢላ የሚመጡት የእናቴ ዘመዶች ገና መንገድ ላይ ናቸው።»